ፕላስቲክ የለበሰው ድርቆሽ

የራባት ላም ስንት ቀን መጠበቅ ትችላለች? ስድስት ዓመት ቻይና ተቀምጬ የባቡር ምህንድስና ተምሬያለሁ፤ ይህን ግን ማንም አላስተማረኝም።

አጎቴ ያሕያ በድሮው ባቡር ፉርጎ ጫኝ ነበር። ዝናብ በቀረ ዓመት ከድሬዳዋ ወዲያ ላሉት የአዲጋላ አርቢዎች ድርቆሽና ውሃ ያደርስ እንደነበር ሰፈራችን ፉሪ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም። ያኔ አጎቴን ወተት ያጠጣ የነበረ የአንድ አርቢ ልጅ፣ ሱልጣን፣ ሰሞኑን ደወለለት። በድርቁ ከሠላሳ ላሞቹ የቀሩት ሰባት ናቸው።

አጎቴ ስልኩን ዘግቶ ወደ እኔ ዞረ። «በይ እንግዲህ ኢንጂነሯ፣ ያ ሁሉ የተማርሽው ለዛሬ ነው።»

ትምህርቴ ሰው ይጠቅማል ብዬ ማመን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ቢሆንም ለቡ ጣቢያ ተመላልሼ ከጭነት ባቡሩ አንድ ፉርጎ አስፈቀድኩ። ጎረቤቱ ድርቆሽ አዋጣ። ካፊያ ሲጀምር ደግሞ፣ እንዳይበሰብስ ብዬ፣ እያንዳንዱን እስር በፕላስቲክ ጠቀለልኩት።

በሦስተኛው ቀን ጣቢያው ላይ አጎቴ ፕላስቲኩን ቀድዶ ክንዱን እስከ ክርኑ እስሩ ውስጥ ከተተ።

«እስቲ እጅሽን ክተቺ።»

ከተትኩ። እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይፋጃል።

«ቻይና አገር ድርቆሽ ካፖርት ይለብሳል እንዴ?»

«አጎቴ፣ ባቡሩ ሊሄድ ነው! ሌላ የሚነሳው ከሦስት ቀን በኋላ ነው!»

«እርጥብ ድርቆሽ ከታፈነ ራሱን ያነዳል። ሳይነድ ቢደርስም ሻግቶ ነው። የራባት ላም ደግሞ አትመርጥም፤ በልታው ትሞታለች።»

ባቡሩ ያለ እኛ ሄደ።

ድርቆሹን ወደ ፉሪ መለስነው። ጎረቤታችን ውብነሽ ያልደረቀ ልብሷን ከገመድ ሰብስባ ግቢዋን ለቀቀችልን። «የኔ ቀሚስ ይደርሳል» አለች። ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ በመንሽ ስናገላብጥ ዋልን። አጎቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ ምሳ በልተን ስንነሳ ብቻ «ዳቦውን አንቺ ሸፍኚው፤ ታውቂበታለሽ» ይለኛል።

ስንጭን እያንዳንዱን እስር በክንዱ ፈተሸ። ከዚያ የፉርጎውን ጎን እንደ ላም ሽንጥ መታ መታ አደረገና «ሂጂ እንግዲህ፣ በሰላም ግቢ» አላት።

እኔ ለሱልጣን ጻፍኩ፦ «ድርቆሹ ተነስቷል። ነገ አዲጋላ ይደርሳል። ላሞቹ እንዴት ናቸው?»

ጭነቱን ሰዎች እንደተረከቡ ከአዲጋላ ጣቢያ ነገሩን። አጎቴ በየጠዋቱ «መለሰ?» ይለኛል። «ገና ነው» ስለው «እዚያ ኔትወርክ የለም» ይልና ትከሻዬን ይዳብሳል።

ሱልጣን እስከ ዛሬ አልመለሰም።