የኡሙልኸይር ተራ

አሰበ ተፈሪ ውስጥ ሰው የሚፈራው ነገር ብዙ ነበር፤ እንደ ዳምጤ ወፍጮ ቤት ተራ የሚያከብረው ግን አልነበረም። ዳምጤ ከጉራጌ አገር የመጣው ገና ጢም ሳያበቅል ነው። ከሱቅ ሱቅ ተላላከ፣ ጨው ሸጠ፣ ላምባ ሸጠ፣ በመጨረሻ ከገበያው በታች አንዲት የናፍጣ ወፍጮ ተከለ። አብዮቱ መጥቶ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ሲወረሱ የእሱን ወፍጮ ሊያዩ የመጡት ሰዎች ዙሪያዋን ተመለከቱ፣ ዱቄት ለበሱ፣ አስነጠሱና ሄዱ። እንዲህ ያለችው ትቅርለት ተባለ።

የወፍጮ ቤቱ ሕግ አጭር ነው። እህል ይዞ የመጣ ሁሉ ዕቃውን ከበሩ ጀምሮ ከተደረደሩት ዕቃዎች ጭራ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ ገበያ ይሂድ፣ ሐኪም ቤት ይሂድ፣ የራሱ ጉዳይ ነው፤ ዕቃው ተራውን ይጠብቅለታል። የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ቢበጠስ፣ ናፍጣ ቢጠፋ፣ ስልቻው ከቦታው ንቅንቅ አይልም። አንድ ክረምት መንገድ ተቆርጦ ወፍጮው አሥራ አንድ ቀን ቆመ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞተሩ ሲነሳ ፊተኛዋ ስልቻ ፊተኛ ሆና ተፈጨች። ባለቤቷ ራሷ ረስታት ነበር።

በዚህ ይኮራል። በሌላ በምንም አይኮራም፤ የሚኮራበትም ብዙ ነገር አልነበረውም። ሚስቱ ሙሉመቤት፣ “ይህ ሰው መንግሥተ ሰማያት በር ላይም ስልቻ ሳያስደረድር አይገባም” እያለች ለጎረቤት ታወራበታለች።

የፓርቲው ሰው አምባው ከሌላ ክፍለ ሀገር ተመድቦ የመጣ ሰሞን ጆንያውን በሠራተኛ ላከና ከሁሉ ፊት አስቀመጠ። ዳምጤ ጆንያውን አንስቶ ወደ ጭራው ወሰደው። ከሰዓት በኋላ አምባው ራሱ መጣ።

“ጓድ ዳምጤ፣ ይህ ጆንያ የማን እንደሆነ አልተነገረህም?”

“ተነግሮኛል ጓድ። አሥራ አራተኛ ነው።”

ከተራራው ማሽላ ይዘው የወረዱት ሴቶች መሬት መሬት እያዩ ሳቃቸውን አፈኑ። አምባው ጠበቀ፤ ምን ያድርግ። ያን ዕለት ወፍጮ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሃያ ሰዎች ቢሆኑ ነው፤ በሳምንቱ ግን አይቻለሁ የሚለው ሰው ከሁለት መቶ በለጠ።

በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የብሔራዊ ሸንጎ ምርጫ ሲመጣ ለአካባቢው ሦስት ዕጩ ያስፈልግ ነበር። አንዱ አምባው ነው፤ ማሸነፍ ያለበትም እሱ መሆኑን ሕፃን እንኳ አያጣውም። ሁለተኛው አንድ መምህር ነበሩ። ሦስተኛ ጠፍቶ ሲፈለግ አንዱ የቀበሌ ሰው “ባለወፍጮውስ?” አለና ተሳቀ፤ ተሳቀና ተጻፈ። ማንበብ ለማይችለው መራጭ ለእያንዳንዱ ዕጩ ምልክት ሲሰጥ ለዳምጤ ቀጭኔ ደረሰው። በምርጫው ቀን የተራራው ሴቶች በረድፍ ወርደው፣ በረድፍ ቆመው፣ ቀጭኔዋን መርጠው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ድምፁ ተቆጥሮ ቀጭኔዋ ስታሸንፍ ከሁሉ ይበልጥ የደነገጠው ዳምጤ ነበር።

“እንግዲህ የተከበሩ፣” አለች ሙሉመቤት፣ “የወፍጮውን ድንጋይ ከመውቀርህ በፊት ነው አገር የምትመራው ወይስ ከወቀርክ በኋላ?”

“ከወቀርኩ በኋላ” አለና መዶሻውን አነሳ።

ወደ ሸንጎው ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው ኡሙልኸይር መጣች። ኡሙልኸይር ከከተማው በላይ ያለው ተራራ ላይ ተወልዳ፣ እዚያው አግብታ፣ እዚያው ባሏን የቀበረች ሴት ናት። ወፍጮው ከተተከለ ጀምሮ ደንበኛ ነች። የመንደር ምሥረታ ሲመጣ ከነጎረቤቶቿ ቤቷን አስፈርሰው፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ሜዳው ላይ በተሰመረው አዲስ መንደር አሰፈሯት። ስልቻዋን ተራ አስያዘችና ዳምጤ አጠገብ ቆመች።

“ያ ዳምጤ፣ አዲስ አበባ ትሄዳለህ አሉ።”

“መስከረም ላይ ነው።”

“እንግዲያው የኔን ነገር ይዘህ ሂድ። ቡናዬን ታውቃለህ፣ ስልሳ እግር ነው። ግማሹን አባቴ ተከለ፣ ግማሹን ባሌ ሐሰን ተከለ። ቤትሽን አፍርሺ አሉኝ፣ እሺ አልኩ። ሜዳ ውረጂ አሉኝ፣ ወረድኩ። ቡና ግን ሰው ካላደረበት ያልቃል። ጦጣውን ተወው፣ አዲሱ መንደር ማገዶ የለም፣ ሰው እየቆረጠ ይወስደዋል። ‘እዚያ ልደር’ ስላቸው ‘ተከልክሏል’ ይላሉ። እዚያ ማደር ብቻ ይፍቀዱልኝ በላቸው። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

“እናገራለሁ።”

“ወላሂ በል።”

“እኔ ወላሂ አልልም። ይልቅ፣ ስልቻሽ እዚህ ቤት ተራው ተወስዶበት ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“በቃ፣ ይኸም እንደዚያው ነው።”

ይህ አነጋገር በቂ ማረጋገጫ ሆኖ ታያት። ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች።

ዳምጤ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በሚኤሶ በኩል በአውቶቡስ አቧራ ሲጠጣ ውሎ አዲስ አበባ ገባ። አዳራሹ ሰፊ ነበር፤ ወንበሩ ይሽከረከራል፤ እሱ ግን ነውር መስሎት አላሽከረከረውም። መናገር የፈለገ ስሙንና ጉዳዩን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ለጽሕፈት ቤቱ ይሰጣል፤ በተራው ይጠራል። ዳምጤ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። ትልቁም ነገር የሚሠራው እንደ እሱ ቤት ነው ማለት ነው። “በአሰበ ተፈሪ ዙሪያ ቡና ያላቸው ሰዎች ማሳቸው ላይ ማደር እንዲፈቀድላቸው” ብሎ ጻፈና ሰጠ። ሃምሳ ሰባተኛ ነህ አሉት። ጉባኤው ሲዘጋ የተጠራው አርባ ዘጠነኛው ነበር።

አልከፋውም። አገሩ ገብቶ ለኡሙልኸይር የነገራትም ደስ እያለው ነው።

“ከኔ በፊት ያሉት ሰባት ሰዎች ብቻ ናቸው።”

በጣቷ ቆጠረች። “ሰባት ምን አላት” አለች።

ዓመቱ በሌላ ሥራ አለፈ። ዳምጤ በገለምሶ የትምህርት ቤት ምረቃ ላይ ተቀመጠ፤ በበደሳ ለአንድ ድልድይ ሪባን ቆረጠ፤ በየስብሰባው ከፊት ወንበር ተሰጠው። አምባው ራሱ “የተከበሩ” ሲለው ዳምጤ ዙሪያውን ያያል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ካፖርት ደርቦ ወፍጮው ዘንድ ነው፣ ቅንድቡ በዱቄት ነጭ።

በሁለተኛው ጉባኤ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ጠበቀ። ስሞች ተጠሩ። ካለፈው ዓመት የቀሩት ሰባት ሰዎች ሳይጠሩ ሌሎች ተጠሩ፤ አስቸኳይ ጉዳይ ቢኖር ነው አለ በልቡ። በሦስተኛው ቀን ከጎኑ የተቀመጠው የሸዋ ሰው አዲስ ወረቀት ሲጽፍ አየ። አዲስ ጉዳይ አለው መሰለው። ዞር ብሎ “ምንድን ነው የምትጽፈው?” ቢለው ሁሉም ነገር እዚያው ላይ ይገለጥ ነበር። ግን ዳምጤ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ “ተራዬ ደረሰ ወይ?” እያለ የሚነዘንዝን ሰው ከምንም በላይ የሚጠላ ሰው ነው። እሱ ራሱ እንደዚያ ሊሆን አልወደደም። ሳይጠይቅ ቀረ። ጉባኤው ተዘጋ።

“ተናገርክ?” አለች ኡሙልኸይር።

“ተራዬ አልደረሰም።”

“ሰባት አላልክም?”

“ሰባት ነበሩ። ሌላ ነገር ገባ። ወረቀቱ ግን እዚያው ነው፣ አይጠፋም።”

“አቦ፣ ቡናው አርባ ሁለት ቀርቷል” አለች። በቁጣ አልነበረም የተናገረችው፤ ለዚህም ነው ለብዙ ጊዜ ጆሮው ላይ የቀረው።

ከዚያ በኋላ ከዳምጤ ወፍጮ ቤት ቀረች። ሩቅ ሆኖባት ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና።

ሦስተኛው ጉባኤ በ1982 ጥቅምት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ልቡ አልችል አለውና ተነስቶ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደ። ሰርክአዲስ የምትባል መነጽር ያደረገች ልጅ ናት የተቀበለችው።

“ልጄ፣ የኔ ወረቀት ስንተኛ ላይ ደረሰ ይሆን?”

“መቼ ነው ያስገቡት አባባ?”

“መስከረም ሰማንያ።”

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። የሚያሾፍባት መስሏት ነበር፤ ፊቱን ስታየው ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

“አባባ፣ ጉባኤ ሲዘጋ የተረፈው ወረቀት ይጣላል እኮ። በየጉባኤው እንደ አዲስ ነው የሚገባው። መግቢያው ላይ በሰጠናችሁ ደብተር ተጽፏል።”

ደብተሩ ከሙሉመቤት ሳጥን ውስጥ፣ ከሰርጋቸው ፎቶግራፍ ሥር ነበር። በክብር ተቀምጧል፤ ተገልጦ አያውቅም።

ዳምጤ እዚያው ቆሞ እንደ አዲስ ጻፈ። ሁለት ጊዜ አበላሸና በሦስተኛው ተሳካለት። በማግሥቱ ጠዋት ስሙ ተጠራ። ለመናገር የወሰደበት ሦስት ደቂቃ ነው። ጥያቄው ተመዘገበ፤ ከጎኑ ያለው የሸዋ ሰው “ጥሩ ተናገርክ” አለው። በታኅሣሥ አንድ ደብዳቤ አሰበ ተፈሪ ደረሰ፤ ቡና ያላቸው ሰዎች ማሳቸው ላይ ማደር ተፈቅዶላቸዋል ይላል። አምባው በስብሰባ አነበበው፤ ተጨበጨበ። ዳምጤ አላጨበጨበም። ደብዳቤው ሲነበብ ከኋላው የተቀመጡ ሁለት ሴቶች፣ የኡሙልኸይር ቡና ባለፈው ክረምት ተቆርጦ ማለቁን በሹክሹክታ ሲያወሩ ሰምቷል።

የካቲት ላይ መንግሥት አዲስ የኢኮኖሚ መመሪያ አወጀ፤ የመንደር ምሥረታው ግፊትም ላላ። ማንም “ተመለሱ” ሳይል የተራራው ሰው የመንደሩን ቤት ክዳንና ምሰሶ እየነቀለ፣ በአህያም በጫንቃም ጭኖ ወደ ቀድሞ ቦታው ወጣ። በሦስት ሳምንት ሜዳው ላይ የቀረው የምሰሶ ጉድጓድ ብቻ ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ኡሙልኸይር ስልቻዋን ይዛ መጣች። ጭራው ላይ አስቀመጠችና ለሴቶቹ ሰላምታ ሰጠች። ለዳምጤም ሰጠች። እሱ ሞተሩን አጠፋ። ከደጅ ወጣ፣ ስልቻዋን አንስቶ በትከሻው ተሸከመና ዘጠኝ ዕቃ አልፎ ከሁሉ ፊት፣ በሩ ላይ አኖረው። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም።

“ምን ነው ኦቦ ዳምጤ?” አለች።

“ያንቺ ይቅደም።”

“ለምን?”

አፍሮ ነበር፤ ግን ተናገረ። “ወረቀቴ እንደ ስልቻ ተራውን ይጠብቃል ብዬ ቁጭ አልኩ። በየዓመቱ እንደ አዲስ ማስገባት ነበረብኝ። አንድ ሰው ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር፣ አልጠየቅሁም። ሰውም አላዘገየኝ፤ እኔው ነኝ ያዘገየሁሽ።”

ኡሙልኸይር ስልቻዋን አየችና ወደ እሱ ዞረች።

“ኋላስ፣ ሲጠሩህ፣ ብዙ ተናገርክ?”

“ሦስት ደቂቃ።”

“ሦስት ደቂቃ” አለች።

ከዚያ ጎንበስ ብላ ስልቻዋን አነሳች። ዘጠኙን ዕቃ አንድ በአንድ እያለፈች ሄዳ ወደ ነበረበት፣ ወደ ጭራው መለሰችው።

“የኔ ቦታ ይህ ነው። ቀድሜ ባስፈጭ ቡናው አይበቅል።”

“እሺ” አለ ዳምጤ። “እስኪደርስሽ ገበያ ደርሰሽ ነይ። አሥረኛ ነሽ፣ ይቆያል።”

“አልሄድም።”

ሌሎቹ ሴቶች ስልቻቸውን እንደ ወትሮው ትተው ወደ ገበያ ወጡ። እሷ ድንጋይ ፈልጋ ከስልቻዋ አጠገብ ተቀመጠች፤ እጇንም አፉ ላይ አሳረፈች። ዳምጤ ሞተሩን አስነሳ። ዘጠኙን ዕቃ ሲፈጭ ቀና ባለ ቁጥር እዚያው ናት፣ እጇም እዚያው ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ በዚያ ወፍጮ ቤት ስልቻውን ለተራው ሳያምን ተቀምጦ የጠበቀ ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ነበረች።