መቶው ስድስት ይወልዳል

ሙላቴ ደብረ ታቦር የወጣው ለዘር ሰሞን ማረሻ ሊገዛ ነበር፤ ባንክ የገባው ግን ከዝናብ ሊጠለል ነው። ቢሮ ሲባል ቆሞ ከመጉላላት በቀር የሚያውቀው ነገር የለም። ያን ቀን ግን ደምሴ የሚባል የብድር ሠራተኛ ብድግ ብሎ አስቀመጠው፤ ሻይም አስመጣለት። ወንበርና ሻይ የቀረበለት ገበሬ እንቢ ለማለት አፉ አይታዘዝለትም።

የደምሴ መከራ ሌላ ነው። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የብድር ኮታው አንድ ሰው ጎድሎበታል። ስለዚህ ሙላቴ ስምንት መቶ ብር ወስዶ የፈረንጅ ላም እንዲገዛ ወተወተው። ሙላቴ ለጨው እንኳ የሚቸገር ሰው ነውና አራጣ አልችልም አለ።

«አራጣማ ቀረ አያ ሙላቴ፤ አብዮቱ አጠፋው» አለ ደምሴ። «የኛ ወለድ ነው። መቶው በዓመት ስድስት ይወልዳል።»

ሙላቴ ሻዩን አስቀመጠ። ዕድሜ ልኩን የሰው ላም በርቢ ይዟል፤ አርቢው ያበላል፣ ይጠብቃል፣ የተወለደውን ከባለቤቱ ጋር እኩል ይካፈላል። ሣር የማይበላ ብር ማርባት ደግሞ ምን ገዶት። ሁለቱ በሬዎቹ መያዣ መሆናቸው ሲነበብለት እንኳ ልቡ ከሚወለዱት ዘንድ ነበር፤ በአውራ ጣቱ ፈረመ።

ላሟን አልገዛም። የሚወልድ ብር እያለ ላም መግዛት የሞኝ ሥራ መሰለው። ስምንቱን የመቶ ብር ኖት በጨርቅ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ አኖረ፤ እንዳይጨነግፉም ሳጥኑን ወደ ምድጃው አስጠጋ። ጨው ሲያልቅ አንዷን እንዘርዝር ብትለው ሚስቱ ትርንጎን እርጉዝ ይታረዳል ወይ ብሎ ተቆጣት። ዓመቱ ሲሞላ ከፍቶ ቆጠረ፤ ስምንት። አገላብጦ ቆጠረ፤ ያው ስምንት።

ተናዶ ባንክ ሄደና ኖቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መካን ብር እንደሰጡት ተናገረ። ደምሴ መዝገቡን ገልጦ አርባ ስምንት ብር ወለድ አለብዎት፣ ካልከፈሉ በሬዎቹ ይወሰዳሉ አለው። ሙላቴ ያለ በሬ በሰኔ ምን ሊያርስ፣ ልጆቹስ ምን ሊበሉ ነው? ደግሞ አንድ ነገር ተገለጠለት።

«ወለደ ነው ያሉኝ፣ ጓድ?»

«አዎ፤ አርባ ስምንት።»

«እንግዲያ እኔ ቤት ከርሞ እናንተ ዘንድ ወልዷል ማለት ነው። ይሁን። ያረባሁት ግን እኔ ነኝ፤ ሃያ አራቱን ይስጡኝ።»

ከኋላው የተሰለፉት ገበሬዎች በሙሉ የርቢ ደንቡ ይኸው ነው ብለው መሰከሩ። ደምሴ ሊያስረዳ ሦስት ጊዜ ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተወው። በማግስቱ ተቆጣጣሪ ይመጣበታል፤ ከዚያ ሁሉ ተበዳሪ ዋናውን ሳይነካ የመለሰ ደግሞ ሙላቴ ብቻ ነው። አርባ ስምንቱን ብር ከገዛ ደመወዙ አውጥቶ ሂሳቡን ዘጋና የመያዣውን ወረቀት መለሰለት።

ሙላቴ በደስታ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወረቀቱን ሳመው። በር ላይ ሲደርስ የሰውየው ፊት መጥቆር አሳዘነውና ተመለሰ።

«ጓድ ደምሴ፣ የኔን ሃያ አራት ብር ምሬዎታለሁ፤ አይጨነቁ።»

ደምሴም ባዶ ኪሱን እየዳበሰ አመሰገነ።