የሞጣው ተፎካካሪ

ማስተዋል ቢቸና ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበራት። ደንበኛ ሲጠፋ በስልኳ የኦንላይን ጌም ትጫወታለች። በጨዋታው ውስጥ ከሁሉም በላይ ብዙ ሰዓት ለተዋጋ አንድ ሰው ብቻ ነጭ ፈረስ ይሸለማል፤ እሷም ለዚያ ፈረስ ስምንት ወር ለፍታለች። የሚቀድማት ዘመነ የሚባል የሞጣ ሰው ብቻ ነበር። ሰሞኑንማ ከጨዋታው ጭራሽ አልወጣም።

መቼ እንደሚተኛ በአካል ልትጠይቀው ሞጣ ሄደች፤ ድሮ በነገራት ምልክትም ቤቱን አፈላልጋ አገኘች። በሩን እናቱ ወይዘሮ ስንቄ ከፈቱላት።

«ዘመነን ከቀበርነው ሁለት ወር ሆነው፣ ልጄ።»

«እማማ፣ ዛሬ ጠዋት እኮ አብረን ስንጫወት ነበር።»

ወይዘሮ ስንቄ ባትሪው የወጣውን የልጃቸውን ስልክ ከሣጥን አምጥተው አሳዩዋት። ማስተዋል የራሷን ከፈተች። የዘመነ ተዋጊ ከእሷ ተዋጊ አጠገብ ቆሟል። ወዲያው መልእክት መጣላት፦ «ቤታችን ገባሽ?»

ለእናቱ አነበበችላቸው። እሳቸው ግን አልደነገጡም፤ ጠጋ ብለው የማስተዋልን ስልክ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ» አሏት።

ጠየቀችላቸው።

«ገና ነኝ» ሲል መለሰ።

ወይዘሮ ስንቄ ስልኩን ተቀብለው እቅፋቸው ውስጥ ሸሸጉት። ማስተዋልም መልሱልኝ ሳትል ወደ መናኸሪያው ሄደች።