ሚዮኮ የተባለው ቱሊፕ

ሂሳኤ አጎንብሳ የቱሊፑን አንገት በሁለት ጣቷ ያዘች። ቱሊፕ በሚለማበት በቶናሚ ሜዳ አበባ መቅጠፍ ነውር አይደለም፤ ጉልበቱ ሽንኩርት ወደሚመስለው ሥሩ ወርዶ እንዲያደልበው፣ ገበሬው ቀለሙን አይቶ ሲያበቃ ቀንጥሶ ይጥለዋል። ይህ መደብ ግን ገና ነው። ባሏ ዮሺኖሪ ያወጣው አዲስ ዝርያ ስለሆነ፣ የአበባ ገበሬዎች ማኅበር ሰዎች ዛሬ አይተው ስሙን ሊያጸድቁለት ይመጣሉ።

ስሙን ትናንት እራት ላይ ነበር የነገራት፣ ሾርባውን ፉት እያለ።

«ሚዮኮ ልለው ነው።»

«የአኩሪ አተር አይብ ሻጯ? እሷ ደግሞ ምን አደረገች?»

«ዘሩን ያዳቀልነው አብረን ነው። ያኔ አንቺን መች አወቅሁሽ?»

«ያረምኩትስ እኔ?»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ።»

በአገሩ እንዲህ ካለ ሥር ለሚበቅል ሁሉ ስም ሞልቷል። ናርሲስ የሚባለው አበባ በበረዶ መሃል ስለሚፈካ «የበረዶ ውስጥ አበባ» ነው። በመከር ወራት መቃብር ዳር ቀልቶ የሚያብበውን «የሙት አበባ» ይሉታል፣ «የቀበሮ ችቦ» ይሉታል፣ «የተጣለ ልጅ»ም ይሉታል። ለሙትና ለቀበሮ የተረፈ ስም ለአራሚ አልደረሰም።

«ኧረ አንቺ ሂሳኤ!» አለች ጎረቤቷ ጹኔኮ ከቦዩ ማዶ። «ዛሬ እንኳ እረፊ እንጂ! ሙሽራዋ ልትታይ አይደል?»

«እያስጌጥኳት ነው።»

የአበባው አንገት ቀጭ አለ። ከዚያ ቀጣዩ። እጇ ሥራውን ስለሚያውቀው አላስቸገራትም።

እንግዶቹ ሲደርሱ ከመደቡ ጫፍ ጥቂት አበቦች ብቻ ቀርተዋል። ዮሺኖሪ አመድ መሰለ። ሽማግሌው ሊቀመንበር በተቀጠፈ አበባ የሞላውን ቅርጫቷን ሲያዩ ሳቅ አመለጣቸው።

«የእሜቴ ቅልጥፍና! እንግዲህ ለከርሞ ደልቦ እናየዋለን። ለመሆኑ ስሙን ማን አልከው?»

ዮሺኖሪ የሚስቱን እጆች አየ። ጣቶቿ ላይ ቀይ የአበባ ቅጠል ተጣብቋል።

«ገና... እያሰብኩበት ነው።»

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ዮሺኖሪ ከመደቡ ወዲያኛው ጫፍ ቁጢጥ ብሎ የተረፉትን ይቀጥፍ ጀመር። ሂሳኤም ከወዲህ በኩል መቅጠፏን ቀጠለች፤ ቀስ በቀስ እየተቀራረቡ መጡ።

«በስምሽ ቢሆን ኖሮስ?» አለ ቀና ሳይል። «ትቀጥፊው ነበር?»

«በኔ ስም ቢሆንማ» አለች ሂሳኤ፣ «አንተ ነበርክ የምታርመው።»

በመካከላቸው አንዲት አበባ ቀርታለች። ሁለቱም አልነኳትም።