ከሰባት እስከ ዘጠኝ

ሐኪሙ ለሮስቪታ "ባልሽ ብዙም አልተሰቃየም፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው" ብሏት ነበር። እሷም ያንን ይዛ ተጽናናች። እኔ ግን ባሏ ሎታር ቢያንስ አርባ አራት ደቂቃ በሕይወት እንደቆየ አውቃለሁ። በእጄ ጽፌዋለሁ።

ሃርትሙት እባላለሁ። አርባ ዓመት የባቡር ምልክት ጠባቂ ነበርኩ። ባቡር ባለፈ ቁጥር ሰዓትና ደቂቃውን መመዝገብ ሥራዬ ነበር። ጡረታ ስወጣ ባቡሩ ቀረ እንጂ መጻፉ አልቀረም። ግንቦት ሲገባ እኔና ባለቤቴ ጉድሩን የከተማውን አፓርታማ ዘግተን ሐይቁ ዳር ወዳለችው ዳቻችን፣ ወደ በጋ ጎጇችን፣ እንሄዳለን፤ እስከ መስከረም እዚያው ነን። አንድ ክፍል፣ አንዲት በረንዳ፣ ሁለት የቼሪ ዛፍ። ሠላሳ አራት ዳቻዎች ነን፤ አንድ ማኅበርና አሥራ አንድ ገጽ ደንብ አለን። ከደንቡ ሁሉ እኔ የምወደው አራተኛውን ነው፦ ከቀኑ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጸጥታ። የሣር ማጨጃ አይነሳም፣ መዶሻ አይመታም፣ ልጆች ሐይቁ ውስጥ አይጮኹም። ሰው ሁሉ መጋረጃውን ዘግቶ ጋደም ይላል።

ሎታር ጎረቤቴ ነበር። ጎረቤት ብቻም አይደለም። የበርሊን ግንብ ሳይፈርስ፣ ሚስማር እንኳ በዘመድ በሚገኝበት ጊዜ፣ ሁለቱን ዳቻዎች የሠራናቸው አብረን ነው። እሱ ከፋብሪካው ሳንቃ ያመጣል፣ እኔ ከሐዲዱ አሮጌ ግንድ። የውሃ ጉድጓዱን አብረን ቆፍረን አንዱን ቧንቧ ለሁለት ከፈልነው። በዚያ ቧንቧ እንጠራራ ነበር። ቢራ የከፈተው ሰው ባገኘው ብረት ይመታዋል፦ ሦስት፣ ፋታ፣ ሦስት። ሌላው ኩሽና ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። "ና" ማለት ነው። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ሆድና ጀርባ የሆንነው በጣራው ምክንያት ነው። ሎታር አንድ ቀን ዝናብ ሊመጣ ነው ብሎ በጸጥታ ሰዓት ጣራ ላይ ወጥቶ ይቀጠቅጥ ጀመር። አጥሩ ጋ ሄጄ ሰዓቴን አሳየሁት።

"አንተ አሁንም ጣቢያ ያለህ መሰለህ እንዴ?" አለኝ ሚስማር በከንፈሩ እንደነከሰ። "ባቡሩ አልፏል ሃርትሙት። ባንዲራህን አጥፈህ ተኛ።"

ከየበረንዳው ሳቁ። ሳቁ ነው ያቃጠለኝ። ለማኅበሩ ጻፍኩ፣ ሎታር የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰው። በቀጣዩ በጋ ስለ መጋዙ ጻፍኩ፣ ሁለተኛ ደረሰው። በደንባችን ሦስተኛው ዳቻውን ያስለቅቃል። በጸደዩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ "የሃርትሙት ብዕር ቀለም ከጨረሰ ንገሩኝ፣ እኔ አመጣለታለሁ። ዘንድሮ ስመታ ደግሞ እሱ በደንብ እንዲሰማ አድርጌ ነው" አለ። አሁንም ሳቁ። ስብሰባው ሲበተን ሊቀመንበሩ አቶ ክሌም ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ለሦስተኛው አቤቱታ ብቻ አይበቃም። ሰዓትና ደቂቃውን ጽፈው ያምጡልኝ" አሉኝ። በማግስቱ ሰማያዊ ደብተር ገዛሁ።

ሐምሌ ውስጥ ነው፣ ሐሙስ ቀን። ሮስቪታ ጥርሷን ልትታከም ከተማ ሄዳለች። ሎታር ከጠዋት ጀምሮ የውሃ ፓምፑ ጋ ይቆፍራል፤ ቧንቧው ከሥር ያንጠባጥብ ነበር። መጀመሪያ ከቁጥቋጦው አጥር በላይ እስከ ወገቡ ይታየኝ ነበር፣ ቆይቶ ትከሻው ብቻ፣ በኋላም ባርኔጣው። የእኛ አገር አፈር አሸዋ ነው። ሲቆፍሩት የቆመ ይመስላል፣ ግን በሳንቃ ካልደገፉት አይታመንም። ሎታር ሳንቃ አላስገባም። አየሁ። "ደግፈው እንጂ" የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ መጀመሪያ የሚናገረው እኔ እንዳልሆን ብዬ ዋጥኩት።

ሰባት ሰዓት ሲሆን በረንዳዬ ላይ ጋደም አልኩ። ደብተሩ ሆዴ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ይህ ነው፦

7:08 ብረት በብረት። ሦስት፣ ፋታ፣ ሦስት።

7:11 እንደገና።

7:15 እንደገና። ጠንከር ያለ።

ደሜ ፈላ። በገዛ ጥሪያችን፣ በዚያ በደጉ ዘመን ጥሪ፣ እየቀለደብኝ ነው አልኩ። እንደዛተው ማለት ነው።

ጉድሩን ከውስጥ፣ "ሃርትሙት፣ እየጠራህ ይሆን እንዴ?" አለች።

"ሊያበሽቀኝ ነው።"

"እስኪ ሄደህ እየው።"

"በጸጥታ ሰዓት ሰው ግቢ አይገባም።"

"እሱስ ልክ ነህ" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

7:26 እንደገና። የዳቻ ቁጥር 19 ሰውዬ "ሎታር፣ ይብቃህ እንጂ!" ብሎ ጮኸ።

7:40 አንድ በአንድ፣ ዘገም ያለ።

7:52 ሁለት ብቻ። ደከም ያለ።

ከዚህ ሥር "ሰለቸው መሰለኝ" ብዬ ጽፌያለሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሦስተኛውን ደብዳቤ ሲቀበል ፊቱ ምን እንደሚመስል እያሰብኩ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደብተሩን በብብቴ ይዤ፣ የምናገረውን በሆዴ አሰናድቼ፣ የሎታርን ግቢ በር ከፍቼ ገባሁ። የጉድጓዱ አንዱ ጎን ተንዷል። ሎታር እስከ አንገቱ ሥር አሸዋ ውስጥ ቆሟል። አሸዋው ደረቱን ጨምቆ ይዞታል፤ የሚጮኽበት ትንፋሽ ከየት ይምጣ። ከላይ የቀረው ራሱና አንድ እጁ ነው። በዚያ እጁ የቧንቧ መፍቻ ይዟል፣ መፍቻው ቧንቧው ላይ ተደግፏል። ፊቱ ጠቁሯል። "ሎታር" አልኩት። ተንበርክኬ ጥፍሬ እስኪደማ አሸዋውን ጫርኩ፤ ባወጣሁት ልክ ከላይ ይወርዳል።

ፖሊሱ፣ "የሰሙት ነገር ነበር?" ሲለኝ "ተኝቼ ነበር" አልኩ። ደብተሩ ሸሚዜ ውስጥ በላብ ሆዴ ላይ ተጣብቋል። ቁጥር 19ም ተኝቶ ነበር። አቶ ክሌምም ተኝተው ነበር። ሠላሳ ሦስት ዳቻ ሙሉ ሰው ተኝቶ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ጉድሩን ምድጃውን ከፈተችልኝ። "አቃጥለው" አለች። "ሮስቪታ ቶሎ እንደሞተ አምና እንቅልፍ እየወሰዳት ነው። ለማን ብለህ ነው የምታስቀምጠው?" ደብተሩን እሳቱ አፍ ላይ ይዤ ቆየሁ። አልቻልኩም። ኅሊናዬ ነው ብዬ አልዋሽም። አርባ ዓመት ከመዝገብ ገጽ ቀድጄ አላውቅም፤ እጄ እምቢ አለ።

ሮስቪታ መስከረም ላይ መጣች፤ ዳቻዎቹን ለክረምት የምንዘጋበት ሳምንት ነበር። መፍቻውን በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና ገለጠችው።

"ሲያወጡት እጁ ላይ የነበረው ነው" አለች። "እዩት፣ አፉ ተልጧል። ቧንቧውም ላይ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ወጥቷል። ቶሎ የሞተ ሰው ይህን ያህል ይመታል?"

"ሮስቪታ፣ የኔ እህት፣ ተቀመጪ እስኪ" አለች ጉድሩን።

"አልቀመጥም። ሃርትሙት፣ አንተ ሁሉን ነገር ትጽፋለህ።"

ጉድሩን በዓይኗ ለመነችኝ። "አልጻፍኩም" ብል ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ሴትዮዋ የሐኪሙን ሁለት ሦስት ደቂቃ ይዛ ትኖራለች፣ እኔም ክብሬን ይዤ እኖራለሁ። እውነቱን ብናገር እሷ ያላትን አንድ ነገር እወስድባታለሁ። ለእሷ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ መለየት አቃተኝ። ተነሥቼ ደብተሩን ከመሳቢያው አወጣሁና እጇ ላይ አኖርኩት።

ቆማ አነበበችው። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ ግን ብዙ ቆየች።

"ሦስት፣ ፋታ፣ ሦስት" አለች። "አንተን ነበር የሚጠራው።"

"አዎ።"

"አውቀኸው ነበር?"

"ጥሪውን አወቅሁት። ሊያናድደኝ መስሎኝ ነው።"

"'ሰለቸው መሰለኝ'" ብላ አነበበች። ከዚያ ደብተሩን ከመፍቻው ጋር በጨርቁ ጠቀለለችና ወጣች። ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ስድቡንም ጠበቅሁ። ክረምቱን ሙሉ አንድ ቃል አልደረሰኝም።

በዚህ በጋ ሮስቪታ ብቻዋን ተመለሰች። በመጀመሪያው ቀን ሰባት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ ላይ ቧንቧው ጮኸ። ሦስት፣ ፋታ፣ ሦስት። መንደሩ በሙሉ ሰማ። መጋረጃ እንኳ የገለጠ የለም። በሁለተኛውም ቀን በዚያው ደቂቃ መታች። አቶ ክሌም ማታ አጥሬ ጋ መጥተው፣ "ደንብ መቼም ደንብ ነው፤ እርስዎ ምን ይላሉ?" አሉኝ። ትቻቸው ወደ ቤት ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ተነሥቼ ሄድኩ። ጉድጓዱ ተደፍኗል፤ እሷ አጠገቡ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። መፍቻው ጭኗ ላይ፣ የእኔ ሰማያዊ ደብተር ጉልበቷ ላይ ነው። የእጅ ሰዓቷን አየች።

"መጣህ" አለች።

"መጣሁ።"

ከእኔ መስመሮች ሥር፣ በራሷ እጅ፣ አንድ መስመር ጻፈች። ቀና ብላ፣ "አርባ ሰከንድ" አለችኝ። "ከበረንዳህ እዚህ ድረስ ይኸው ነው መንገዱ።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመታለች፣ በየቀኑ እሄዳለሁ። እስክትጽፍ ቆሜ እጠብቃታለሁ፤ ከዚያ ወደ በረንዳዬ እመለሳለሁ። አንዳንዴ ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ሃምሳ ሰከንድ ይፈጅብኛል፤ እሱንም ትጽፈዋለች።