ያልተሣለው ግንብ

አረጋዊው መምህር ወንድ ልጃቸው የላከላቸውን የክፍል ምስል መጠርጠር የጀመሩት እጅግ ስላማረ ነበር።

ባለቤታቸው ከታመሙ ወዲህ ሁለቱም በሴት ልጃቸው ቤት ተጠግተው ይኖራሉ። የራሳቸው ቤት ጣሪያው አፍስሶ በመታደስ ላይ ነው። ሕመምተኛዋ የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በገዛ ክፍላቸው፣ ፀሐይ ባረፈችበት አልጋ ላይ ጋደም ማለት። ዕድሳቱን የያዘው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያው ወንድ ልጃቸው ነው። በየሳምንቱ የክፍሉን ምስል በስልክ ይልካል። ቅዳሜ ይገባሉ ብሏቸዋል።

“እስቲ እየው፣ ወለሉ እንደ መስተዋት! የጠዋት ፀሐይ ደግሞ አልጋዬ ላይ!” አሉ ባለቤታቸው።

መምህሩ ስልኩን አቀረቡት፤ መልሰው አራቁት። በዚያ ክፍል አርባ ዓመት በንጋት ቆመው ጸልየዋል፤ ብርሃኑ በየትኛው ሰዓት የትኛውን ጣውላ እንደሚነካ እንደ ውዳሴ በቃላቸው ያውቁታል። አምና ግን ጎረቤት በምሥራቁ መስኮት ፊት ባለ ሁለት ፎቅ ግንብ አቁሟል። ባለቤታቸው ያን ጊዜ ሆስፒታል ተኝተው ስለ ነበር አላዩትም፤ እርሳቸውም እንዳያዝኑባቸው ሰግተው አልነገሯቸውም።

“ታዲያ ይህች ፀሐይ በየት ዞራ ገባች?” አሉ በልባቸው።

በማግስቱ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ቤቱ ሄዱ። ጣሪያው ተመትቷል፤ እንደ መስተዋት ያበራል የተባለው ወለል ግን ገና በጣውላነቱ ጥግ ላይ ተከምሯል። ልጃቸው ኮምፒውተሩን በሲሚንቶ ከረጢት ላይ አስቀምጦ ይሠራል።

“ወለሉን የት አደረግኸው?”

ልጁ ደነገጠ። “አባባ፣ ያ እኮ ፎቶ አይደለም። ይህ ፕሮግራም ብርሃን በእንጨትም በኖራም ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በተፈጥሮው ሕግ አስልቶ ወዲያው ይስላል። ስልክም ላይ፣ ኮምፒውተርም ላይ ይሠራል። የተጻፈበት ኮድም ለሁሉም የተከፈተ ነው፤ ማንም አንብቦ ያርመዋል። በነጻ ነው።”

“በነጻ? ያለ ዋጋ የሚሰጥ ነገርማ አንድ ነገር አለበት።”

“ዕውቀት ያለ ዋጋ ይሰጥ እያሉ ያሳደጉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?”

መምህሩ ወደ ምሥራቁ መስኮት ዞሩ። “እናትህ ግን ፎቶ መስሏታል።”

“ደስታዋን አይቼ ዝም አልኩ። እስከ ቅዳሜ እጨርሳለሁ ብዬ...”

“እንግዲህ ፕሮግራሙ ክፍት፣ አንተ ዝግ! ግንቡንስ የት አደረስኸው?”

“ከድሮው ንድፍ ስለ ሠራሁ ረሳሁት።” ልጁ ቀና አለ። “እርስዎስ ለእማዬ ነግረዋት ያውቃሉ?”

መምህሩ በጣውላው ክምር ላይ ተቀመጡ።

“ሣለው” አሉ በመጨረሻ።

ልጁ ግንቡን በምሥራቁ መስኮት ፊት አቆመው፤ በምስሉ ውስጥ ያለው ክፍል ወዲያው ጨለመ። ከዚያ ሰዓቱን ቀስ እያለ ወደፊት ገፋው። ሦስት፣ ስድስት፣ ስምንት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በምዕራቡ መስኮት በኩል፣ ቁም ሣጥኑ በቆመበት ቦታ፣ ሰፊ ብርሃን ወለሉ ላይ ተዘረጋ።

“ቁም ሣጥኑን አንሣና አልጋውን እዚያ አድርግ” አሉ መምህሩ።

ማታውኑ ሁለቱም ከሕመምተኛዋ ፊት ቆመው የሆነውን ሁሉ ተናዘዙ። ባለቤታቸው አዲሱን ምስል ረጅም ጊዜ አዩት።

“ሁለት ወንድ ተማክራችሁ ፀሐይ ልትሠሩልኝ! እርሷን የሚሠራት አንድ ነው።” ዓይናቸውን ጠረጉ። “የከሰዓቱም ይሞቃል። ግን እውነት መሆኑን በምን አምናለሁ?”

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤታቸው ገቡ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል መምህሩ ስልኩን በአንድ እጃቸው ይዘው ሌላውን መዳፋቸውን ትራሱ ላይ ዘረጉ፤ ጠበቁ። ብርሃኑ መጀመሪያ ጣቶቻቸውን፣ ቀጥሎ መዳፋቸውን አሞቀ። ምስሉን አዩ፤ ትራሱን አዩ፤ እንደገና ምስሉን።

ባለቤታቸው በሴት ልጃቸው ትከሻ ተደግፈው ከኋላ ቆመዋል።

“አንተ፣ እንደ ቶማስ ዳስሰህ ጨረስህ? እጅህን አንሣና ልተኛበት።”