የቅዳሜው ቆጠራ

ሃያ ሰባት ዓመት! ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የፊዚክስ ክፍል ባልደረቦቼ «አንተ ኢኮኖሚስት ነህ» ሲሉኝ፣ ኢኮኖሚስቶቹ ደግሞ «ኧረ ወደ ፊዚክስህ!» ሲሉኝ ኖርኩ። የማጠናው አዲስ ቴክኖሎጂ አሮጌውን እንዴት እንደሚተካ፣ የአገር ኑሮም ያንን ተከትሎ በሃምሳ በስልሳ ዓመት እንዴት ከፍና ዝቅ እንደሚል ነው። ማስረዳት ሰልችቶኛል። የካ አባዶ ያለው ጎረቤቴ ረዳማ ደረጃው ላይ ባገኘኝ ቁጥር «ዶክተር ዘረሰናይ፣ ሲሚንቶ መቼ ነው የሚረክሰው?» ይለኛል። ጠንቋይ መሰልኩት እንዴ!

ማስረጃዬን የሰበሰብኩት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች እየቆጠርኩ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። አላናግራቸውም፤ ሰላምም አልላቸውም። የሚለኩትን ነገር መንካት ልኬቱን ያበላሻል ብዬ እኮ ነው! መጀመሪያ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነበሩ። በአሥር ዓመት ሃያ ብቻ ቀሩ። አቀናነሳቸውም ልክ ቲዎሪው እንደሚለው ነበር፤ መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በፍጥነት፣ በስተመጨረሻ እንደገና ቀስ ብሎ። ኤሌክትሪክ እንጨትን ተካ ብዬ ጻፍኩ። ነገ ሰኞ ጡረታ ስወጣ የማደርገው የስንብት ንግግር በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ትናንት ለመጨረሻ ጊዜ ልቆጥር ወጣሁ። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ሊያርፉ ከጎኔ ተቀመጡና ትኩር ብለው አዩኝ።

«ባለ ደብተሩ! አሁንም አሉ እንዴ?»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ይባላሉ። ሃያ ዓመት እንጨት ተሸክመው አሁን ትተዋል። በዚህ መንገድ ግን አብዛኛውን ቅዳሜ አልወረዱም።

«ለምን?» አልኳቸው።

«እርስዎን ፈርተን ነዋ! ሰላም የማይል፣ ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ሌላ ምን ሊሆን ነው? የደን ጥበቃ ነው ተባለ። አንዷ ለአንዷ ስትነግር ስትነግር፣ መንደሩ ሁሉ ቅዳሜ ሲሆን በወዲያኛው ገደል በኩል መውረድ ጀመረ።»

«ስንት ትሆኑ ነበር?»

«ኤዲያ! እኛን ማን ቆጥሮን!»

ደሜ ፈላ። ለካ ስንት ዓመት የደከምኩበት የግራፍ ኩርባ የሚያሳየው የኤሌክትሪክን መስፋፋት ሳይሆን ስለ እኔ የሚወራውን ወሬ መስፋፋት ነው! ነገ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ምን ልል ነው?

«ኧረ በስመአብ! ምን ነበር አንዳችሁ እንኳ መጥታችሁ ብትጠይቁኝ?» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ ታላቅ እህቴ የሚሆኑትን ሴት።

እሳቸው ግን አልተቆጡም። ጉልበታቸውን እያሹ፣ «በገደሉ በኩል አንድ ሰዓት ይጨምራል፤ ያውም እንጨቱ ጀርባ ላይ ሆኖ። እህቴ የማርያምወርቅ እዚያ ወድቃ ነው እግሯ የተሰበረው» አሉ። «እርስዎስ ምን ነበር አንድ ቀን እንደምን አደራችሁ ቢሉን?»



«እህትዎ አሁን ደህና ናቸው?» አልኳቸው።

«ታነክሳለች» አሉኝ። «ዛሬ ገና ጠየቁን።»